የሞላ ይቅመስ

ይድረስ እናትም እህትም ለሆንሽኝ፣ ለእታለም ብርሃነሽ ቢተው
ካርቱም

እታለም፣ በደብዳቤዬ መዘግየት ልክ ሳይሆን በናፍቆቴ ልክ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ባለፈው ዓመት ደረጃ መውጣት አቃተኝ ብለሽ ነበር፤ አሁን ተሻለሽ ወይስ እኔ እንዳልጨነቅ ብለሽ ዋጥ አደረግሽው? ሙቀቱስ? የካርቱም አቧራ በር ቢዘጉበትም ይገባል ይላሉ፤ ዓይንሽን ጠብቂ። ባለቤትሽ ተክሌስ ደህና ነው? የሰው መኪና ሲጠግን የገዛ ወገቡን እንዳይሰብር በእኔ ስም ተቆጪልኝ። ፍቅርአዲስ ትምህርቷን እንዴት ያዘችው? ትንሹ ስለሺስ አረብኛውን ከአማርኛው እየቀላቀለ ያስቃችኋል ወይ? ሁላችሁንም በያላችሁበት ሰላም ያቆያችሁ።

እኔ ከጥርሴ በቀር ደህና ነኝ። ጥርሴን ሐኪም አየውና በእንቅልፍህ ታፋጫለህ አለኝ። ለምን እንደማፋጭ ግን አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ኖሮ ውጭ የተሰለፈው በሽተኛ ሁሉ ተስፋ ቆርጦ እስኪሄድ ቁጭ አድርጌ እነግረው ነበር። የሚያውቅልኝ ስላላገኘሁ ለአንቺ እጽፋለሁ።

መልእክትሽ ደርሶኛል። ኤልፍነሽ በደህና ገብታ እኔ በምኖርበት ሰፈር ሪጀንት ፓርክ ከእኔ ሁለት ፎቅ በታች ቤት ሰጥተዋታል። ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ፣ «ብርሃነሽ ጥቁሯን አላወለቀችም። አዲስአለም ካናዳ ገብቷል ይባላል፣ አንተም እዚያው ነህ፣ ሌላ የምነግርህ የለኝም ብላሃለች» አለችኝ። ከዚያ ተቀምጣ ሻይ ጠጣች። እኔ የራሴን ሻይ አልጠጣሁትም። እንግዲህ መልሱ ይኸውልሽ፤ ልጆቹን ወደ ውጭ ላኪያቸውና አንብቢው። ተክሌ ግን ይስማ፣ እሱ የቤት ሰው ነው።

የምታውቂውን መልሼ ብነግርሽ አትቆጪኝ፤ ካልተናገርኩት አይወጣልኝም። አዲስአለም ጋይንት ከማዕዳችን እየበላ ያደገ ሰው ነው። መሣሪያ ያለው ሁሉ ያስረክብ ተብሎ ሲታወጅ አባባ ምንሽሩን ከጎተራው ግድግዳ ውስጥ ሲቀብር ጭቃውን ያቀበለው እሱ ነው። በሳምንቱ ታጣቂዎቹን እየመራ መጥቶ ያንኑ ግድግዳ በጣቱ አሳያቸው። በአንድ ጠመንጃ የቀበሌ ሊቀ መንበርነት ገዛ። አባባን ወሰዱት፣ ሬሳውንም አልሰጡንም። እኔ ያኔ ደብረ ታቦር ለትምህርት ስለነበርኩ ያንን ጣት አላየሁትም፤ አንቺ ግን አይተሻል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔስ ሳላየው እንኳ አልረሳሁትም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። እዚህ አገር ሰው ለጨዋታ ይተኩሳል ብልሽ ታምኚኛለሽ? ኖርዝ ዮርክ የብረት በር በምንሠራበት ፋብሪካ አለቃዬ ላዝሎ የሚባል ሽማግሌ ነው። ታንክ አገሩ ሲገባ ድንበሩን በእግሩ አቋርጦ ከሃንጋሪ የሸሸ ሰው ስለሆነ ለምን መጣህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ካቻምና አንድ እሑድ በመኪናው ከከተማ ወደ ሰሜን ይዞኝ ወጣ። ሜዳ ላይ ጡረታ የወጡ ሰዎች በሆዳቸው ተኝተው ወረቀት ይተኩሳሉ። ወረቀት! አውሬ የለ፣ ጠላት የለ፣ ሠርግ የለ። ሳቄን አፍኜ ቆምኩ።

ተኩሰው ሲያበቁ ግን ሁሉም ጎንበስ ጎንበስ እያሉ ባዶ ቀለሃቸውን ከሣሩ ውስጥ ለቀሙ። ያን ጊዜ ሳቄ ጠፋ። ለካ እዚህም አዲስ ጥይት ከሱቅ መግዛት የባለጸጋ ነው። ሌላው ቀለሁን ያጥባል፣ ከቂጡ ያለችውን ማቀጣጠያ ይለውጣል፣ ባሩድ ይሞላል፣ ከላዩ የእርሳስ አረሩን ይገጥማል፣ መልሶ ይተኩሳል። የአባባ ሥራ ነው እኮ፣ ቀለህ ሞይነት! እሱ በመዶሻና በቀንድ ማንኪያ የሚሠራውን እነሱ ከጠረጴዛ ላይ በታሰረች የብረት መጭመቂያ ይሠሩታል እንጂ ሌላ ልዩነት የለውም። ላዝሎ ጋራዡ ውስጥ ሲሞላ አይቼ እጄ አላስቀምጥ ስላለኝ ልሞክር አልኩት። እጄን አየና ማን አስተማረህ አለኝ። አባቴ አልኩት፣ ስሙን ግን አልነገርኩትም። እዚህ ሁሉም «ዜድ» ነው የሚሉኝ፤ የአባቴን ስም የሚጠይቀኝ የለም፣ እኔም ለማንም አላወጣውም ነበር።

ከፖሊስ የመሣሪያ ፈቃድ አወጣሁና እኔም ከወረቀት ገዳዮቹ አንዱ ሆንኩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን የጨዋታው ዋጋ ሰማይ ወጣ። ባሩዱም ማቀጣጠያውም የሚመጣው ከአሜሪካ ነው። የካናዳ ዶላር በአሜሪካው ዶላር ፊት ሲንበረከክ የእኛም ዕቃ በየወሩ ጨመረ። አምና የጠዋት ሥራዬ ይሸፍነው የነበረው የባሩድ ቆርቆሮ ዘንድሮ ቀኑን ሙሉ በር ካላስበየደኝ አይገኝም ነበር። አንድ ደብዳቤ ሲያድል ዕድሜውን የጨረሰ ሽማግሌ ጠመንጃውን ሸጦ አሁን ለማየት ብቻ ይመጣል፤ የሌላውን ሰው ቀለህ እየለቀመ ለባለቤቱ ይሰጣል። እሱን ሳይ ደሜ ይፈላል።

የሚሸጥልን አንድ ሱቅ ነው፤ ባለቤቱን ስለ ፊቱ ቀዩ ሰውዬ እለዋለሁ። ዋጋ ለምን ጨመረ ስንለው እጁን ዘርግቶ እኔ ምን ላድርግ፣ የዶላር ነገር ነው ይላል። አንድ ቀን ከገዛሁት ቆርቆሮ ላይ የዋጋውን ወረቀት በጥፍሬ ላጥ ባደርገው ከሥሩ ሌላ ዋጋ ወጣ፤ እሱንም ብልጠው ከሥሩ ሌላ። ዕቃው ዶላሩ ሳይወድቅ በፊት ከሱቁ ጓዳ የተቀመጠ አሮጌ ዕቃ ነው! ቆርቆሮውን ያስወደደው የዶላር መውደቅ አይደለም፣ የሰውየው ሙጫ ነው። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አንስቼ ኪሴ ከተትኳቸው። ቆይ አልኩ በሆዴ።

ቂሜን በምን እንደተወጣሁ ብነግርሽ ትስቂያለሽ፤ በዕቁብ። እነዚያን ፈረንጅ ሽማግሌዎች ላዝሎ ጋራዥ ውስጥ ሰብስቤ ዕቁብ ጣልኩላቸው። በየሳምንቱ የሚያዋጡትን ይዘን ከሌላ ከተማ ካለ አከፋፋይ በጅምላ ማምጣት፣ ዕጣ የወጣለት ቆርቆሮውን አስቀድሞ መውሰድ፣ ማሽኑ የሌለው ደግሞ ቀለሁን ሰጥቶ እኔ መሙላት። በመጀመሪያ ዳኛው ማነው፣ ውሉ የታለ ብለው አደረቁኝ። ዕጣው ከባርኔጣ ውስጥ ሲወጣ ግን እንደ ልጅ ይጮሁ ጀመር። ያ ጠመንጃውን የሸጠው ሽማግሌ እንኳ ለዕጣው ደስታ ብቻ ገባ። ቀዩ ሰውዬ ዕቃው አቧራ ሲለብስበት ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ጋራዡ ድረስ መጣና እቀንሳለሁ አለ። እኔ ያቺን ሁሉ የዋጋ ወረቀት ከግድግዳው ላይ በተራ ለጥፌ ስለነበር ወደዚያው በአገጬ አሳየሁት። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ የሚለውን በእንግሊዝኛ ልነግረው ፈልጌ አልመጣልኝም። ያን ሌሊት ጥርሴን ሳላፋጭ ተኛሁ። በቀል እንዲህ የሚጣፍጥ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ደግሞም እጄን ያስለመደው ያ ነው።

ወዲያው በረዶው ሲቀልጥ፣ ርካሽ ጥይት የሚሞላ ሐበሻ አለ የሚለው ወሬ ዞሮ ዞሮ ቶርንክሊፍ ፓርክ የሚባል ሰፈር ደረሰ። ቅዳሜ ከሰዓት ጋራዡ በር ላይ አንድ ሰው ቆመ። በካልሲ ውስጥ ባዶ ቀለህ ይዟል። ተክለ ማርያም እባላለሁ፣ የጎንደር ከተማ ልጅ ነኝ አለኝ። ዘበኝነት እንደሚሠራና ያገለገለ ጠመንጃ መግዛቱን፣ ጠመንጃው ኪሱን ባዶ ስላደረገው ደግሞ የሱቅ ጥይት መግዛት እንዳልቻለ ነገረኝ። «በዚህ ኑሮ ውድነት ወንድም ለወንድሙ ካልሆነ ለማን ይሆናል» አለኝ። ካልሲውን ሲሰጠኝ ግራ አውራ ጣቱን አየሁት። ጫፉ የለም።

ያ አውራ ጣት! አዲስአለም ገና ጎረምሳ ሳለ ለርካሽነቱ ብሎ አባባን ትቶ ሌላ ሰው ያስሞላው ጥይት ከእጁ ፈንድቶ የቆረጠው ጣት ነው። አባባ፣ ርካሽ ጥይት ጣት ያስከፍላል እያለ ይቀልድበት የነበረው። ዐሥር ዓመት አርጅቷል፣ ፀጉሩን አጥቅሯል፣ ስሙን ለውጧል፤ ጣት ግን አይበቅልም። የሰው ጠመንጃ ሲያስነጥቅ የኖረ ሰው እዚህ መጥቶ የራሱን ገዛ! እኔም ጺም አብቅያለሁና አላወቀኝም። የማን ልጅ ነህም አላለኝም። የአገር ሰው ከአገር ሰው ሲገናኝ ከጤና ይስጥልኝ ቀጥሎ የሚጠይቀው እሱን አይደለም? እሱ ግን ቢጠይቅ ተመልሶ ስለሚጠየቅ ዝም አለ። ቀለህህን አስቀምጥ፣ ለንግሥቲቱ ልደት በዓል የተኩስ ውድድር ይደርስልሃል አልኩት። 

እታለም፣ ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ሳልሸፋፍን እነግርሻለሁ። የእሱን ጥይቶች ሁሉ እንደ ወጉ ሞላሁ። አንዷን ግን የባሩዱን ልክ እጥፍ አድርጌ ሞላኋት። ጠመንጃን ከእነ ተኳሹ የሚበትነው ይኸው ነው። ላዝሎ ውጭ ሣሩን እያጨደ ነበር፣ ማሽኑ ያጓራል፣ ፀሐይዋ ከጠረጴዛው ላይ ወርዳለች። በዚህ ውድ ዘመን እጥፍ ባሩድ የሚገባው ከአንተ በቀር ለማን ነው እያልኩ በሆዴ እሳለቅበት ነበር። እርሳሱን ገጥሜ ከሌሎቹ መሐል ደባለቅኋት። እጄ አልከበደኝም። በማግስቱ የተቀደሰልን በተውሶ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ቆሜ አስቀደስኩ። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ማለት እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ግን ረስቼ ነበር። እንዴት እንደረሳሁት እስከዛሬ ይገርመኛል። ገበያው ዳር ከወይራው ሥር አባባ ቀለህ ሲሞላ የአገሩ ሥርዓት ምን ነበር? ጠላ የምትቀዳ ሴት አስቀድማ በመዳፏ እንደምትቀምሰው ሁሉ፣ ባለ ጥይቱ ከተሞሉት ውስጥ የወደደውን አንዱን መርጦ ለአባባ ይሰጠዋል፣ አባባም ራሱ ወደ ገደሉ ይተኩሰዋል። የሞላ ይቅመስ ነው ሕጉ። አባባ ይህን የሚያደርገው እየሳቀ ነበር፤ የእሱ ጥይት ማንንም አስፈርቶ አያውቅማ። እኔ ከእነዚህ ከወረቀት ገዳዮች ጋር ኖሬ ኖሬ ሥርዓቱን ጥዬዋለሁ። አውራ ጣቱን በመጥፎ ጥይት ያጣ ሰው ግን እንዴት ይጥለዋል? እባብ ያየ በልጥ በረየ አይደል የሚባለው።

የውድድሩ ዕለት ሜዳው ሞልቷል። እኔ ከላዝሎ መኪና ኋላ፣ ለእይታ ከሚበቃኝ፣ ፍንጣሪ ከማይደርስብኝ ቦታ ቆሜያለሁ። ለተኳሾቹ ቦታ በዕጣ ሲሰጥ ከአዲስአለም ጎን የደረሰው ላዝሎ ሆነ። ያንን አላሰብኩትም ነበር። ሽማግሌው ምንጣፉን አንጥፎ፣ መነጽሩን ጠርጎ፣ ከዚያ ሰው ክንድ በማይርቅ ቦታ በሆዱ ተኛ። ልጮህ ፈለግሁ። ግን ብጮህ አዲስአለም ይድናል። እታለም፣ ልዋሽሽ አልችልም፣ አልጮህኩም።

አዲስአለም ግን አልተኮሰም። ከሳጥኑ አንድ በአንድ እያወጣ እያንዳንዷን ጥይት ከጆሮው አጠገብ ይነቀንቃታል። አንዷን ሰምቶ ያስቀምጣል፣ ሌላዋን ያነሣል። ፈረንጆቹ ሳቁበት፣ አገርህ በስልክ ትደውላለህ ወይ አሉት። በልኩ የተሞላ ጥይት ሲነቀንቁት ባሩዱ ይንሿሿል፤ ከልክ በላይ የጠገበው ግን ዝም ይላል። አንዷ ላይ ሲደርስ ቆመ። ደግሞ ነቀነቃት። ከዚያ ተነሣና ጥይቷን በአንድ እጁ፣ ጠመንጃውን በሌላ እጁ ይዞ ወደ እኔ መጣ።

በእንግሊዝኛ አላናገረኝም፣ የጎንደር ከተማ ልጅነቱንም ረስቶት በጋይንት አነጋገር፣ «ወንድሜ፣ ይቺ ዝም አለችኝ። እንግዲህ በአገራችን የሞላ ይቅመስ ነው፣ እስቲ ቅመስልኝ» አለኝና ሁለቱንም ሰጠኝ። ተቀበልኩት። ጠመንጃው በእጄ፣ እሱ ከፊቴ። ለምን እዚያው አልደፋኸውም እንደምትዪኝ አውቃለሁ፤ እኔም ያሰብኩት ያንኑ ነው። ያለኝ ጥይት ግን ያቺው ብቻ ናት። ባጎርሳትና ምላጩን ብስብ የምበተነው እኔ ነኝ። ለእሱ ያዘጋጀሁት ሞት ከእኔው መዳፍ ላይ ተቀምጦ ያየኛል።

ስዘገይበት ዓይኑን ከጥይቷ አንሥቶ ፊቴን ያየ ጀመር። ጺሜን አለፈና ግንባሬን፣ ዓይኔን አየ። የአባባ ዓይን እንደሆነ ሁልጊዜ የምትዪኝን ዓይን።  «የማን ልጅ ነህ?» አለኝ። ጋራዡ በር ላይ መጠየቅ የነበረበትን ያን ጊዜ ጠየቀኝ። እኔም በዚህ አገር ምድር ላይ አንድም ቀን ያልጠራሁትን ስም ጮክ ብዬ ጠራሁት፤ «የቀለህ ሞዩ የቢተው አድማሱ ልጅ ነኝ። አንተም ተክለ ማርያም አይደለህም፣ አዲስአለም ነህ። ጭቃ ያቀበልክበት ግድግዳ ልጅ ነኝ» አልኩት። ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። እንደ ጥንቱ የሚያመለክትበት ጣት አጣ።

ያን ጊዜ አባባን አሰብኩት። በሞላው ጥይት አንድም ተኳሽ ያልቆሰለበት ሰው ነው። ሕይወቱን ወሰዱበት፣ ጠመንጃውን ወሰዱበት፣ መቃብሩን ከለከሉት፤ ያ የእጁ ስም ግን እስከዛሬ ማንም አልነካበትም። እሱን አዲስአለም ሳይሆን እኔ ልጁ ላጠፋበት ነበር። ተናደድኩ እታለም፣ በአዲስአለም ላይ ሳይሆን በዚህ! ከላዝሎ ሣጥን ጉጠት አንሥቼ እርሳሱን ነቀልኩና ባሩዱን ሁሉም በሚያየው ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩት። የቀለህ ነገር የሚያውቅ ሰው ክምሩን አይቶ ይገባዋል። 

ላዝሎ ከምንጣፉ ተነሥቶ መጣና ክምሩን አየው፣ አዲስአለምን አየው፣ እኔን አየኝ። ምክንያቱን ነገርኩት። እሱም አገሩ ላይ የሚጠቁም ጎረቤት የነበረው ሰው ነውና ታሪኩን ለማስረዳት አልደከምኩም። አዲስአለምን ሊያነሣው እጁን አልዘረጋለትም። ለእኔ ግን የጋራዡን ቁልፍ እንድመልስ መዳፉን ዘረጋልኝ። «ከጎኑ ተኝቼ ነበር» ከማለት በቀር አልተናገረኝም። በዚህ ሁሉ ያፈርኩት በእሱ ፊት ብቻ ነው። አሁንም ፋብሪካ ውስጥ ደህና አደርክ ይለኛል፤ ስሜን ግን አይጠራም።

የቀረው በቀል በወሬ ሆነ። ለኤልፍነሽ ነገርኳት፤ ኤልፍነሽ የሰማችውን ከሬዲዮ ቀድማ ታዳርሳለች። በሚቀጥለው እሑድ አዲስአለም ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ከጎኑ የቆመ ሰው አልነበረም። ዕድር ሊገባ ጠይቆ ለመዝገብ ትክክለኛ ስምህን ንገረን ቢሉት ጥሎ ወጣ። ሬሳህን የሚያነሣ የለህም ማለት ለእኛ ሰው ከዚህ በላይ ምን አለ? እሱ የአባታችንን ሬሳ እንደከለከለን ሁሉ። ባለፈው ሳምንት ወደ ምዕራብ በአውቶቡስ ሄዷል አሉኝ፤ የሸኘው የለም። ሲሄድ ጠመንጃውን ለቀዩ ሰውዬ በርካሽ ሸጦለታል። ቀዩ ሰውዬም ከመስኮቱ ሰቅሎ እጥፍ ጠይቆበታል፣ በላዩም አዲስ የዋጋ ወረቀት ለጥፎበታል። ሁለቱ ጠላቶቼ እንዲህ ተገናኙልኝ።

ዕቁቡ ፈርሷል። ሽማግሌዎቹ ፖሊስ ባይጠሩብኝም ባሩድ እንዳልነካ ስለከለከሉኝ የሚሞላላቸው የለም፤ ወደ ሱቁ ተመልሰዋል፣ ባሩዱም ወዲያው ጨመረ። ያ ደብዳቤ አዳይ የነበረው ሽማግሌ በባቡር አገኘኝና ጀርባውን ሰጠኝ። የእኔን ቂም እየከፈሉ ያሉት እነሱ ናቸው። ይህንን ሳስብ ይቆጨኛል፤ አዲስአለምን ሳስብ ግን አይቆጨኝም። ይቅር አላልኩትም። ቄሱ ይቅር በል ሲሉኝ መሬት መሬት አየሁ። ጥርሴንም አሁንም አፋጫለሁ።

ጥቁርሽን አውልቂ ብዬ አላዝሽም፤ ታናሽሽ ነኝ፣ ያለቀስሽውን ያህልም አላለቀስኩም። አታውልቂም አልልሽም። ደሙ እንዳልተመለሰ ታውቂያለሽ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ የኤልፍነሽ ዘመድ በትንሽ ጨርቅ የተቋጠረ አንድ ባዶ ቀለህ ይሰጥሻል። ያቺው ናት። ማቀጣጠያዋንም አውጥቼላታለሁና አትፍሪያት፤ ልጆቹ ቢጫወቱባትም አትጎዳም።

ለተክሌ ወንድማዊ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ የደረሰብኝን ሰምቶ ሞኝ ነህ ቢል አልቀየመውም። ፍቅርአዲስን ጉንጯን ሳሚልኝ። ለትንሹ ስለሺ አጎትህ በር ይሠራል በዪው፤ ስለ ጥይት አትንገሪው። ለጎረቤትሽ ለሀሊማ እንኳን ለዒድ አደረሰሽ በዪልኝ፤ በሕመምሽ ወቅት የቀቀለችልሽን ሾርባ አልረሳሁላትም። ለጋይንት ሰዎች ሁሉ፣ ያለሁት በስሜ መሆኑን ንገሪያቸው።

ቀለሁን እንደወደድሽ አድርጊው። አስቀምጪው፣ ወይም አባይ ውስጥ ጣዪው። መልሼ እሞላዋለሁ ካልሽ ግን እንደ አባባ አድርገሽ ሙዪው፤ መጀመሪያ ራስሽ ቅመሺው።

የቀለህ ሞዩ የቢተው አድማሱ ልጅ፣
ዘውዴ ቢተው

ቶሮንቶ፣ ሰኔ 15 ቀን 1978 ዓ.ም.